የሃፍቶምን ብርድ ልብስ አጠብኩላችሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ግቢያችን ለቅሶ ነበር። ለቀስተኛውን የጠራሁት እኔ ነኝ። መርዶ ግን አልመጣም!

መጀመሪያ ላይ ብትስቁ አልቀየማችሁም። በኋላ ራሳችሁ ታቆማላችሁ።

ወልዲያ ተወልጄ አድጌ መቀሌ ካገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። አደይ፣ እናቴ እንደማለት፣ ነው የምላቸው፣ ሰፈሩም እንደዚያው ነው የሚጠራቸው። ደግ ሴት ናቸው። ችግሩ የኔ "ጥሩ ምራት" ለመባል መስገብገብ ነው።

ጠዋት ባለቤቴ ቁሓ ሥራ ገባ። አደይ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ እንዳ ኢየሱስ ወጡ። በሩን እንደዘጉ ቧንቧው ፉጨት ጀመረ።

ውኃ! ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ!

የመቀሌ ሰው ያውቀዋል፣ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። ውኃ ስትመጣ ማሰብ የሚባል ነገር የለም። በርሜል ይሞላል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለ ጨርቅ በሙሉ ይታጠባል። ነገም ትኖራለች ብሎ የሚያሳድር ሰው አላየሁም።

አንሶላውን ዘፈዘፍኩ። የትራስ ልብሱን በበረኪና አነጣሁ። የኛን ብርድ ልብስ ሳፋ ውስጥ ከትቼ በእግሬ ረገጥኩት። ውኃዋ አልሄደችም። እኔም አላቆምኩም።

ከዚያ የሃፍቶም ክፍል ትዝ አለኝ።

ሃፍቶም የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኪሮስ ከሚባል የጎረቤት ልጅ ጋር በባሕር አድርገው ሳዑዲ ሊገቡ ወጡ። ባሕሩ ጋ ደርሰናል ብለው ደወሉ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ድምፅ አልተሰማም። አልጋው ግን ያን ቀን ጠዋት እንደተነሣበት ነው። አንሶላው ተጨማዷል፣ ብርድ ልብሱ ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፣ በላዩ አቧራ ተኝቶበታል።

አደይ ገና እንደገባሁ "ጓለይ፣ የሃፍቶምን አልጋ ተዪው" ብለውኝ ነበር። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

እኔ ይሉኝታ መሰለኝ!

መቼም "ተዪው" ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አማት "ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ" ስትል እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ምራት ስሟ ሰነፍ ነው። ሙሽራን የዋርሳዋን ልብስ ማሳጠብ ከብዷቸው ነው አልኩ። ባለቤትሽስ ስለ አልጋው ለምን አልነገረሽም ትሉ ይሆናል። የወንድሙ ስም ሲነሣ ባለቤቴ ከክፍሉ ይወጣል። እኔም አደይ ሲመጡ ደስ ይበላቸው ብዬ ብርድ ልብሱን ጎተትኩት። ሲመርቁኝ ሁሉ ታይቶኛል።

ቀይ ነው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ነብር አለበት። ልጁ በብርድ ጠዋት ተከናንቦት በር ላይ ይቆም ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሦስት ውኃ ቀየርኩለት። ፀሐይ ያለችው በመንገዱ በኩል ስለሆነ እዚያ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ፎቶ አንስቼ ስቶሪ ላይም ለጠፍኩ። አጥፍቼዋለሁ፣ አትፈልጉት።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ አንዲት ጎረቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

ሁለተኛዋ ተከተሉ። ሦስተኛዋም። አምስት ሲሆኑ አንዷ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

ለካ በዚህ ሰፈር መንገደኛ ተኝቶበት የወጣው የአልጋ ልብስ እሱ እስኪመለስ ወይም መጣሁ እስኪል አይታጠብም። ከዚያ በፊት ከታጠበ መርዶ መጥቷል ማለት ነው! ይህን ያስረዱኝ አንገቴን አቅፈው እያለቀሱ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። የኪሮስ እናት።

"ኧረ ማንም አልሞተም፣ ውኃ መጥታ ነው" አልኩ። ሐዘኑ አእምሮዬን የነካኝ መሰላቸው። አንዷ ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ሌላዋ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ አበሱልኝ።

አደይ የደረሱት በዚህ መሃል ነው።

ሴቶቹን አዩ። ገመዱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። ሴቶቹን ቀስ ብለው በትግርኛ "ምን ሆናችሁ? ልጄ ሊመጣ ነው፣ ብርድ ልብሱን ያሳጠብኩት ለዚያ ነው" አሏቸው።

ደረታቸውን የሚመቱት ሴት እጃቸውን አወረዱ።

እኔን ከውርደት ሊያድኑ ይሁን ራሳቸውን ከዚያ ለቅሶ፣ አላውቅም። አንዷ ደወለ እንዴ ብለው ጠየቁ። አደይ አዎ፣ ደውሏል አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ! ነጠላ አዘቅዝቆ እልል የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወይዘሮ ለተብርሃን ብቻ እልል አላሉም። ተጠግተው የአደይን ሁለት እጅ ያዙ።

"ወደይስ? ስለ ልጄ ምን አለሽ? አብረው ናቸው?"

አደይ ገመዱ ላይ ያለውን ነብር አዩ። ከዚያ "መስመሩ ተቋረጠ፣ ነገ ይደውላል" አሉ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ያን እጅ ስመው ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብለው ወጡ። ሮጠው ነው የወጡት፣ በዚያ ጉልበታቸው።

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል። አደይ የሃፍቶም ባዶ ፍራሽ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩ። ተነሺ አሉኝ፣ አልተቆጡም። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ጓለይ፣ ነገ ለለተብርሃን ምን እላታለሁ?" አሉ።

  በጣም አፍሬያለሁ፣ ከማፈርም በላይ ፈርቻለሁ። ባለቤቴ ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል፣ እሱንም ምን እንደምለው አላውቅም።

የተሰጣውን ላነሣ ግቢ ስወጣ ከአጥሩ ማዶ ሳፋ ሲንኳኳ ሰማሁ። አሾልኬ አየሁ። ወይዘሮ ለተብርሃን ውኃዋ ሳትሄድ ብለው የኪሮስን ብርድ ልብስ እየረገጡ ነው። እያዜሙ ነው።

እስቲ የምታውቁ ፍረዱኝ። ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው? ወይስ ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅምና አንዱን ጫፍ ልያዝላቸው?