ድልድይ ላይ ያገቱኝ ጨዋዎች

ደሳለኝ፣ ቮይሱ ረዘመ ብለህ እንዳትዘጋው፤ ተቃጥያለሁ! በዚህ አገር ሰው የሚያስመርርህ ባለጌ ይመስልሃል? ባለጌማ ገፍቶህ ያልፋል፣ ሰድበኸው ትገላገላለህ። የሚገድልህ ጨዋ ነው! ጨዋን ምን ብለህ ትሰድበዋለህ?

ዛሬ ፍቅረኛዬ ለተብርሃን ምሳ ላይ ከአባቷ ልታስተዋውቀኝ ቀጥራኝ ነበር። አባቷ አቦይ ሓጎስ ከምሳ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ፣ እስከ ፋሲካ አይመለሱም። ልጅቷ ታዲያ፣ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ወደ ተከዜ በኩል ያለውን የድሮ የብረት ድልድይ እንደ ልጁ ነው የሚወደው፣ ሳታየው ከመጣህ ወሬ ታጣለህ አለችኝ። እኔ ጀግናው ጎህ ሳይቀድ መቀሌ ካለው ሰፈሬ ከዓዲ ሓቂ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራል። ዝገቱ ፀሐይ ሲያርፍበት በርበሬ ይመስላል፣ ብሎኖቹ ቡጢ ያካክላሉ። በእግሬ ተሻገርኩና ብረቱን መታ መታ ሳደርገው አቦይ ሓጎስ ገቡኝ። ለካ ድልድይም ይወደዳል! ከዛ ማዶ ላይ ወደ መቀሌ የሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ድልድዩ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከወዲያ ጫፍ አይሱዙ መጣ። የኛ ሹፌር ቆመና በመብራት እለፍ አለው። ያኛው ደግሞ በመብራት፣ ኧረ አንተ እለፍ! የኛው እጁን በመስኮት አውጥቶ ለመነው። በመጨረሻ ሁለቱም ወረዱልህ! መሃል ላይ ተገናኝተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። በማርያም እለፍ፤ በሞቴ አንተ እለፍ፤ ልጆች እንዴት ናቸው? እኔ አንገቴን አውጥቼ፣ አንዳችሁ እለፉና ገላግሉን እንጂ፣ አማት ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት፣ ተው ወደይ፣ ተው ልጄ፣ ሰው ሲከባበር አይጮህም ብለው ገሠጹኝ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ችግሩ፣ ሁለቱም እሺ ብለው ሁለቱም ገቡ! መሃል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። ከዛስ? ሁለቱም ይቅርታ ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ! እንደገና ሀ ብለን ጀመርን እልሃለሁ። መጨረሻ ላይ እኚያው ተው ያሉኝ እናት ትዕግሥታቸው አልቆ ወረዱና ጃንጥላቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው አሳለፉን።

ቤታቸው ስደርስ አቦይ ሓጎስ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ የኤርፖርት ታክሲያቸው ጥሩምባ ይነፋል። የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። እንግዲያው አንድ ጉርሻ አብረን ሳንቀምስ አልሄድም፣ ግባ አሉኝ። አንተ፣ አማቴን ቀድሜ ልግባ? እርስዎ ይቅደሙ አልኳቸው። በጃኻ፣ እባክህ ቅደም፣ እንግዳ ነህ አሉኝ። በፍፁም አባቴ! በሞቴ! እኔ ልሙት! በሩም እንደ ድልድዩ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለተብርሃን ከውስጥ፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ እያለች ትጮሃለች። ሰዓቱ አለቀ።

አቦይ ሓጎስ ምሳውን ሳይቀምሱ ታክሲው ውስጥ ገቡ። ከዛ በመስኮት ብቅ ብለው ልጃቸውን ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ይሄ ልጅ ድልድዩን በደንብ አይቶታል፣ ስመለስ ሽማግሌ ይላክ!