እሜቴ ታንሲን የሚያምናት የለም

የለርቸር ውሻን የሚያምን ሰው በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ሸለቆዎች ውስጥ ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ሥጋውን ክፍት መስኮት አጠገብ አስቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ለርቸር ማለት አባቱ በግ የሚጠብቅ ኮሊ፣ እናቱ በሩጫዋ የምትታወቅ ግሬይሀውንድ የሆነ፣ ቀጭን፣ ባለ ረጃጅም እግር፣ ጸጉሩ ማበጠሪያ ያላየ ፍጥረት ነው። ጥንቸል ሲያይ እንደ እናቱ ይፈተለካል፤ ከመፈትለኩ በፊት ግን እንደ አባቱ ቆም ብሎ ያስባል። ችግሩ ማሰቡ ላይ ነው። ዝም ብሎ የሚሮጥ ውሻ በገመድ ይታሰራል፣ ነገሩም ያልቃል። የሚያስብ ውሻ ግን ምን እያሰበ እንደሆነ ስለማይታወቅ መንደሩ በሙሉ ቅቤውን ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል።

ወይዘሮ አይዳ ኦልደርሰን ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ስለዚህ ወንድማቸው ክሌም ከድንጋይ ካብ ላይ ወድቆ ዳሌውን በመስበሩ ሆስፒታል ሲተኛ «ታንሲን ያዢልኝ» ብሎ ቢልክባቸው ደስ አላላቸውም። እሳቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ የቤታቸው ወለል ፊት የሚያሳይ፣ በጸሎት ቤቱ የሰንበት ትምህርት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ክሌም ደግሞ ከኮረብታው ሥር ባለች ጎጆ ብቻውን የሚኖር፣ ለገበሬዎች ፍልፈልና ጥንቸል እያጠመደ የሚተዳደር፣ ጸሎት ቤት የሚገባው ሰው ሲቀበር ብቻ የሆነ ሰው ነው። እህትና ወንድም የሚስማሙት ስለ አየሩ ነው፤ እሱም ሲዘንብ ብቻ።

ሆስፒታል ሊጠይቁት ሄደው አልጋው ግርጌ ቆሙ።

«ምን ትበላለች?»

«ያገኘችውን።»

«ትናከሳለች?»

«ሰው አትነክስም።» ክሌም ትንሽ አሰበ። «ሥራ ግን አታስፈቻት፣ አይዳ። ሥራ ካጣች የራሷን ሥራ ትፈጥራለች፤ እሱን ደግሞ አትወጂውም።»

«እኔ ቤት ሥራ የሚሠራው ሰው ነው» አሉና ብርቱካኑን አስቀምጠውለት ወጡ።

ውሻዋ በመጣች ዕለት ቤቱን ክፍል በክፍል ዞራ መረመረች። ከዚያ ምድጃው ፊት ተቀምጣ በቢጫ ዓይኖቿ ወይዘሮ አይዳን ማየት ጀመረች። ሌላ ውሻ ሰውን የሚያየው ምግብ ወይም ፍቅር ፈልጎ ነው። ይቺኛዋ ግን «ወንድምሽን የት አድርሰሽው ነው?» የምትል ትመስል ነበር። ወይዘሮ አይዳ በዚህ ዓይነት ዓይን ታይተው አያውቁም፤ እንዲህ የሚያዩት እሳቸው ነበሩ።

«እሜቴ፣ ቤቱ ተስማማሽ ወይ?» አሏት በሽሙጥ። ማዕረጉ በዚያው ጸና።

በመጀመሪያው እሁድ ለምሳ የተዘጋጀው አሮስቶ ጠፋ። ጠፋ ነው የሚባለው፤ ተሰረቀ ለማለት ማስረጃ የለም። ወይዘሮ አይዳ ሥጋውን ከምድጃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መረቁን ሊያማስሉ ዞር አሉ። ሲመለሱ ሳህኑ በቦታው ነው፣ ቢላዋው በቦታው ነው፣ የገበታው ጨርቅ አልተጨማደደም፤ ሥጋው ግን የለም። እሜቴ ታንሲ ቀድሞ በተኛችበት አኳኋን ምድጃው ፊት ተጋድማለች። ከንፈሯን እንኳ አልላሰችም።

«አንቺ ነሽ» አሏት።

አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መስኮቱ ላይ ወደተቀመጠችው የጎረቤት ድመት ዞረች።

«ሌባ» ብለው ጮሁባት። ይህን ማለታቸው ስህተት ነበር። የኮሊ ልጅ ቁጣ አይችልም፤ እሜቴም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስከ ማግስቱ እህል አልቀምስም አለች። ወይዘሮ አይዳ በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረሙ። ይቅርታው ስለ ጩኸቱ እንጂ ስለ ሥጋው እንዳልነበረ ለፖስተኛው አጥብቀው አስረድተዋል። ፖስተኛው የራሱ ብሶት ነበረው። «ስገባ ጭራሽ አትጮህም» አለ። «ስወጣ ነው በሩ ላይ የምትተኛው። ምን ይዤ እንደምወጣ ማየት ትፈልጋለች።»

ከዚያ ጥንቸሎቹ መጡ። ጠዋት ጠዋት በር ሲከፈት ደፉ ላይ አንድ ጥንቸል ተዘርግቶ ይገኛል፤ የጥርስ ምልክት የለበትም፣ ሰውነቱ ገና ይሞቃል። ወይዘሮ አይዳ «ከማን መሬት ነው ያመጣሽው?» እያሉ ይጠይቃሉ፣ መልስ አያገኙም፣ ጥንቸሉን ገፍፈው ይቀቅላሉ። «የሚባክን ነገር ስለማልወድ ነው» ይሉ ነበር። ማንም ግን አልጠየቃቸውም።

በአንዱ ሳምንት ግን ጥንቸሉ ቀረ። ታንሲ ከቀትር በኋላ ትጠፋና እስከ ሆዷ ጭቃ ለብሳ፣ ደክሟት፣ ደግሞም ደስ ብሏት ትመለሳለች። ወይዘሮ አይዳን ያስጨነቃቸው ደስ መሰኘቷ ነው። በአንዱ ጠዋት ሲያብሷት በአፏ ዙሪያ ባለው ሻካራ ጸጉር ላይ የበግ ጸጉር ተጠምጥሞ አገኙ። ነቅለው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

በዚያው ቀን ሬይስትሪክ መጣ። ሬይስትሪክ በግ አርቢ ነው፤ መሬቱ ከክሌም ጎጆ ጋር በካብ ይዋሰናል። በልጅነቱ ወይዘሮ አይዳ ናቸው ዐሥሩን ትእዛዛት ያስጠኑት፤ አሁን ጸጉሩ ሸብቶም እሱ «እርስዎ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «አንተ» ይሉታል። ያን ዕለት ባርኔጣውን ሳያወልቅ ደጅ ቆመ። ጠመንጃውን ክንዱ ላይ አጋድሞታል።

«ወይዘሮ አይዳ፣ ሦስት እናት በጎች ከነግልገሎቻቸው ከላይኛው ግጦሽ ጠፍተውብኛል።»

«ካቡ ፈርሶ ይሆናል።»

«ካቡን አይቼዋለሁ። ውሻ ነው ያባረራቸው። ገደል ሳይገቡ አይቀሩም።» ዓይኑን ከእሳቸው አልፎ ወደ ቤት ውስጥ ላከ። «ሠራተኛዬ ግራጫ ረጅም ውሻ ካቡን ስትዘል አይቷል።»

«ግራጫ ውሻ ብዙ ነው።»

«እንደዚያ የሚዘል ብዙ አይደለም። እርስዎን አከብራለሁ። ክሌምንም…» ቆም አለ። «ክሌምንም አውቀዋለሁ። ግን መሬቴ ላይ ካገኘኋት አልጠይቅም፣ እተኩሳለሁ። ሕጉም ይፈቅድልኛል።»

ወይዘሮ አይዳ እጃቸው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ጣታቸው የበግ ጸጉሩን ነክቷል።

«ከቤቴ አልወጣችም» አሉ።

በር ዘግተው ገቡ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ለማን እንዳስተማሩት ያውቃሉ፤ አሁን ደጃቸው ላይ ቆሞ የነበረው ሰውዬ ነው። ጸጉሩን ምድጃው ውስጥ ጣሉትና ውሻዋን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰሯት። «ገዳይ ከሆንሽ ራሴ ነኝ የማስረክብሽ» አሏት። ንግግሩ ለራሳቸው ጆሮም አልጣመም።

በማግስቱ ምሳ በልተው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው የተኙ መሰሉ። ገመዱ ረጅም ነበርና እሜቴ ታንሲ ተነሥታ መጣች። ፊታቸው ላይ ተነፈሰች። አዳመጠች። ተመልሳ ተኛች። ትንሽ ቆይታ ደግማ መጣችና ጉልበታቸውን በአፍንጫዋ ነካ አደረገች። ወይዘሮ አይዳ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ሲያንኮራፉ እድሜያቸውን ሙሉ ክደው የኖሩ ሴት ናቸው። ያኔ ውሻዋ አመነቻቸው። የግሬይሀውንድ ልጅ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ይቀጥናልና ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ስትስብ ማሰሪያው ወለቀ፤ የበሩን መወርወሪያ በአፍንጫዋ አንሥታ ወጣች። ወይዘሮ አይዳ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉ።

በካቦቹ ጥግ ጥግ እየተከለሉ፣ እያለከለኩ ሽቅብ ወጡ። ውሻዋ አንዴም ዞራ አላየችም፤ የምትሄድበትን ታውቃለች። መንገዱ የሚያደርሰው ወደ ክሌም ጎጆ ነበር። ከጎጆው ጀርባ በካብ የታጠረች ትንሽ መስክ አለች፤ ክሌም ስለተኛ ያጨዳት የለም፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ወይዘሮ አይዳ የሚያዩትን ፈርተው አንገታቸውን በካቡ ላይ አሰገጉ።

ሦስቱ በጎች ሣር ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። ግልገሎቹ ይጠባሉ። ካቡ በተናደበት ቦታ፣ አገጯን እግሮቿ ላይ አድርጋ፣ ታንሲ ተጋድማለች። አንድ ግልገል ወደ ክፍቱ ሲጠጋ ብድግ አለች፤ ብድግ ከማለት በቀር ምንም አላደረገችም፤ ግልገሉ ወደ እናቱ ተመለሰ። የደም ጠብታ የለም።

ወይዘሮ አይዳ ካቡ ላይ ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ትንፋሹ ሳያልቅ ግን ሌላው ነገር መጣባቸው። የተገደለ በግ የለም፤ የተሰረቀ በግ ግን አለ፣ ያውም በወንድማቸው ግቢ ውስጥ። ክሌም አልጋ ላይ ሆኖ ውሻውን በግ ያሰርቃል ቢባል በመንደሩ የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።

«ሥራሽ ይኸ ነው?» አሏት።

ጅራቷ መሬቱን አንዴ መታ።

የመስኩን በር ከፈቱላት። ክሌም በምን ዓይነት ፉጨት እንደሚያዛት ስለማያውቁ እንደ ሰው አነጋገሯት። «እሜቴ፣ ወደ መጡበት መልሻቸው።» ታንሲ በጎቹን አየች፣ እሳቸውን አየች። ስንት ቀን የደከመችበትን ነገር አፍርሺ መባሏን የተጠራጠረች ትመስል ነበር። «ሰምተሻል» አሉ ወይዘሮ አይዳ። «እኔም አልወደድኩትም።»

ተነሣች። መስኩን በሰፊው ዞራ ከበጎቹ ኋላ ደረሰች፤ አልጮኸችም፣ አልተጣደፈችም፤ በጎቹ ራሳቸው የወሰኑ ይመስል ተሰብስበው በበሩ ወጡ። የመንደሩ ሰው «ኮሊ ጠባቂ ነው፣ ግሬይሀውንድ አሳዳጅ ነው፣ ሲደባለቅ ሁለቱም ይበላሻል» ይላል። ወይዘሮ አይዳም እስከዚያ ቀን ድረስ ይሉ ነበር።

የሬይስትሪክ ግጦሽ አጠገብ ሲደርሱ ትንሹ ግልገል ደነገጠና ተገንጥሎ ቁልቁል ወደ ገደሉ ሮጠ። ወይዘሮ አይዳ ለመጣራት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከመጣራታቸው በፊት ታንሲ ሄዳ ነበር። ስትሮጥ አይተዋት አያውቁም። ሆዷ ሣሩን እየነካ፣ አራቱም እግሮቿ በአንዴ ከመሬት እየተነሡ ግልገሉን አለፈችው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ዞራ፣ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ለጥ አለች። ግልገሉ አፍንጫዋ ሥር ቆመ። ተያዩ። ከዚያ ግልገሉ ዞሮ ዳገቱን ወጣ፤ እሷም ጥርሷን ሳታሳየው ከኋላ ከኋላ ተከተለችው።

ቀና ሲሉ ሬይስትሪክ የግጦሹ በር ላይ ቆሟል። ጠመንጃው ከክንዱ ወርዶ እጁ ገብቷል። ወይዘሮ አይዳ ሳያስቡት ሄደው በጠመንጃውና በውሻዋ መካከል ቆሙ።

«በጎቹ የት ነበሩ?» አለ።

«ገደሉ ውስጥ። እሷ ናት ያገኘቻቸው።» ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀሎ መውጣቱ አስፈራቸው።

ሬይስትሪክ በሩን ከፍቶ በጎቹን አስገባ። አንዷን ይዞ ጀርባዋን ዳበሰ፣ ሆዷን ነካ ነካ አደረገ። «ገደሉ ውስጥ ከድንጋይ በቀር የሚበላ የለም» አለ። «እነዚህ ግን ወፍረዋል።»

«እግዚአብሔር ቸር ነው።»

ቀና ብሎ አያቸው። በዓይኑ ውስጥ ያስጠኑት ትእዛዝ ሁሉ ተራ በተራ ያለፈ መሰላቸው። ከዚያ ጠመንጃውን አጥፎ ጥይቱን አወጣ።

«እርስዎ ካሉ» አለ። «ሐሙስ በጎቹን ለሸለታ ላወርድ ነው። የኔዋ ውሻ አርጅታ ዳገት አትወጣም። ይቺን ለግማሽ ቀን ቢያውሱኝ።»

«ካለ እኔ አትሄድም።»

«እርስዎም ይምጡ።»

ያን በጋ ወይዘሮ አይዳ ኦልደርሰን በቦት ጫማ ተራራ ለተራራ ዋሉ። ጉንጫቸው በፀሐይ ቀላ። መንደሩ እሜቴ ታንሲን ማመን አልጀመረም፤ ሬይስትሪክ ራሱ ምሳውን የሚበላው ተነሥቶ ቆሞ ነው። ግን ስትመጣ ማንም ጠመንጃ አያነሣም፤ የሌላ ሸለቆ ገበሬም «ያቺን ሌባ ለሐሙስ ላኩልን» እያለ መጠየቅ ጀመረ።

ክሌም በሁለት ምርኩዝ ተደግፎ ከሆስፒታል የወጣው በጋው ሲያልቅ ነው። ሬይስትሪክ በመኪናው አምጥቶ እህቱ ደጅ አወረደው። ታንሲ ዘላ ትከሻው ላይ ወጣች፣ አለቀሰች፣ ልትጥለው ደረሰች። ወይዘሮ አይዳ ማሰሪያዋን ይዘው ወጡ። ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

«በል፣ ውሻህ ይኸው። ደህና ናት።»

«ወፍራለች» አለ ክሌም። «እንሂድ፣ ታንሲ።»

ሁለት እርምጃ ተራመደ። ታንሲ ምርኩዞቹን አሸተተች፣ እግሩን አሸተተች። ከዚያ ዞራ ፊት ለፊቱ፣ መንገዱ ላይ ለጥ አለች። በግራ ሊያልፋት ሞከረ፤ ግራ ላይ ነበረች። በቀኝ ሞከረ፤ ቀኝ ላይ ነበረች። ከኋላው መጥታ ጉልበቱን በአፍንጫዋ ገፋ ስታደርገው ወደ እህቱ ቤት ከመራመድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

«ሬይስትሪክ፣ ያዝልኝ እንጂ።»

ሬይስትሪክ መኪናው ላይ ተደግፎ ነበር። «ሥራ ላይ ናት» አለ።

ክሌም የእህቱን ደፍ ተሻገረ፤ የምድጃው ወንበር ጉልበቱን ሲነካው ተቀመጠ። ታንሲ በሩ ላይ ተጋድማ አገጯን እግሮቿ ላይ አኖረች።

«አንተ ነህ ያስተማርካት?» አሉ ወይዘሮ አይዳ።

«እኔ ያስተማርኳት ጥንቸል ነው።» ክሌም ምርኩዙን አስተካከለ። «ዛሬን ብቻ ነው፣ አይዳ።»

«ማን ጠየቀህ?»

ወይዘሮ አይዳ ወንበሩ ላይ ያለውንና በሩ ላይ ያለችውን በየተራ አዩአቸው። አንዳቸውንም አላመኑም። ድንቹን ግን ለሦስት ላጡ።