አራት መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ የመጣውን እንግዳ ስለ ማገድ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ቦታ፦ ከጸሐፊው ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለው ክፍል (የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ ስለ ጠፋ)
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር
2. ምክትል ሰብሳቢ፣ የጋራዥ ባለቤት
3. አባል፣ ልብስ ሰፊ
4. ጸሐፊ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ድረ ገጻችንን የሠራችው፣ የሰብሳቢው የእህት ልጅ
ያልተገኘ፦ ገንዘብ ያዥ፣ በፈቃድ (ፈቃዱን የሰጠው ሰው አልታወቀም)

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ማኅበራችን የደም ለጋሾች ማኅበር መሆኑን፣ ድረ ገጹም ደም ለቸገረው ሁሉ የለጋሾችን የደም ዓይነትና ስልክ ቁጥር የሚያሳይ መሆኑን በሃያ ደቂቃ ንግግር አስታውሰው ስብሰባውን ከፍተዋል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ድረ ገጻችን መኖሪያ

የእህታቸው ልጅ እንዳስረዳችው፣ ድረ ገጻችን የሚኖረው ሌት ተቀን በማይጠፋ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። ሰው ስማችንን ሲጽፍ ኢንተርኔቱ ስሙን ወደ ቁጥሩ መልሶ ያደርሰዋል። ምክትል ሰብሳቢው ቁጥሩን ጠይቀው 203.0.113.45 መሆኑ ሲነገራቸው፣ ለአፍ ስለማይመች በሦስት ዜሮ በሚያልቅ እንዲቀየር ሐሳብ አቅርበው ደጋፊ አላገኙም።

ቀጥለው ቁጥሩ የብቻችን እንደሆነ ጠየቁ። እንዳልሆነ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሚኖሩ ሠላሳ ያህል ድረ ገጾች ጋር እንደምንጋራውና አንዱም የፍራሽ መደብር እንደሆነ ተነገራቸው። ሰብሳቢው፣ "ደምና ፍራሽ በአንድ ቤት?" ብለዋል። የእህታቸው ልጅ ነገሩ ብዙ ተከራይ እንዳለበት ሕንፃ ነው፣ በሩ አንድ ቢሆንም እንግዳው በስም ጠይቆ ወደየክፍሉ ይገባል ስትል መለሰች። ልብስ ሰፊዋ እሷም ከጸጉር ቤት ጋር በአንድ በር እንደምትሠራ፣ እስከ ዛሬ ግን ተላጭቶ የወጣ ቀሚስ እንደሌለ አስረድታለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ የፍራሽ መደብሩ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አድራሻችንን እንዲለቅ ደብዳቤ እንዲጻፍለት በሦስት ድምፅና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ አጠራጣሪው ጎብኚ

ሰብሳቢው የድረ ገጹን የጎብኚዎች መዝገብ አሳትመው መጥተዋል። ከአንድ አይፒ አድራሻ ብቻ ትናንት 417 ጊዜ ተገብቷል። "ጤነኛ ሰው አንድ ገጽ አራት መቶ ጊዜ ያያል? ይሄ ሰላይ ነው" ብለዋል። ምክትላቸው ምን እንደሚሰለል ጠይቀው፣ "እሱን ሲያዝ ይናገራል" የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል።

የእህታቸው ልጅ አንድ አድራሻ አንድ ሰው ማለት እንዳልሆነ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በሙሉ በአንድ አድራሻ ሊወጣ እንደሚችል አሳሰበች። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለማጣራት ግማሽ ሰዓት ጠየቀች። ሰብሳቢው ግማሽ ሰዓት ለሌባ ብዙ መሆኑን ገልጸው፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ካርታ ሳስተምር አንቺ ገና አልተወለድሽም" ብለዋል። የተባለው እንዳለ እንዲጻፍ እሷ ጠይቃለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ አድራሻው ለዘለቄታው እንዲታገድ በሦስት ድምፅ ተወስኗል። ልብስ ሰፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። እገዳው በ9፡40 ተፈጽሞ ተጨብጭቧል።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ

9፡55 ላይ ለማኅበራችንም የሚያገለግለው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ስትሆን ገጻችን እምቢ እንዳላት፣ ወልዳ ደም የሚፈስሳት እናት እንዳለች፣ የደም ዓይነቷ ኦ ኔጌቲቭ እንደሆነና የደም ባንኩ እንደጨረሰ ተናገረች። ሰብሳቢው ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረቡ።

የእህታቸው ልጅ ስልኩን ከጸሐፊው እጅ ነጠቀች።

"እህቴ፣ ጠዋት ይከፍትልሽ ነበር?"

"ትናንት ሙሉ ቀን ስንሠራበት ነበር። ሁሉም ክፍል ነው የሚጠቀምበት፣ ድንገተኛውም ቀዶ ጥገናውም። አሁን በሩን ዘጋብን!"

ሌላ አልጠየቀችም። "ጋሼ፣ ሰላይዎ ሆስፒታሉ ነው" ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሰብሳቢው እገዳ የሚነሳው በድምፅ ብልጫ መሆኑን አስገነዘቡ። "እጃችሁን እስክታወጡ አልጠብቅም" ብላ አነሳችው። ሰዓቱ 9፡58 ነበር።

9፡59 ላይ የሰብሳቢው የእጅ ስልክ ጮኸ። ያቺው ነርስ ነበረች። ሰብሳቢው ስማቸው ከዝርዝሩ አናት ላይ እንዲሰፍር ባለፈው ዓመት አስወስነዋል፤ የደም ዓይነታቸውም ኦ ኔጌቲቭ ነው። ስብሰባ እየመሩ መሆኑን ገልጸውላት ዘጉ።

ልብስ ሰፊዋ፣ "ጋሼ፣ መርፌ ይፈራሉ እንዴ?" ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ሥነ ሥርዓት የጎደለው ነው ተብሏል። እሷ ግን ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና፣ "የኔም ያው ነው፤ መርፌ ደግሞ ሥራዬ ነው" ብላ ወጣች። የእህታቸው ልጅ በመኪና ልታደርሳት ተከትላት ሄደች።

የቀሩት ሦስት አባላት፣ ልብስ ሰፊዋ ሳታስፈቅድ ስለ መውጣቷ ተወያይተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት በሁለት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊው ተቃውሟል፤ ያለ ልማዱ።

11፡20 ላይ ነርሷ እንደገና ደወለች። ደሙ ተሰጥቷል፣ እናትየው ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠይቃለች። የሆስፒታሉ ኃላፊም በሩን በሦስት ደቂቃ ያስከፈተውን ኮሚቴ በደብዳቤ ሊያመሰግኑ ስለሆነ፣ ውሳኔው የማን እንደነበር እንዲነገራቸው ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ውኃ ጠጡ። በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ የፍራሽ መደብሩም፣ እገዳውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ ጭብጨባውም እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ያለ ውይይት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በተጨማሪም 9፡59 ላይ የተደወለው ስልክ በቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍ ጸሐፊውን አዘዋል።

ትእዛዛቸው ተጽፏል።

ስብሰባው 11፡35 ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊ፦ (ፊርማ)
ሰብሳቢ፦ (ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም)