የጋሼ ለታ ጎርፍ

የትኛውም ማህበር ውስጥ አንድ የስጋት ሹም አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ደሞዝም የለውም። ሰው ሁሉ ቤቱን በሐሳቡ ቀለም ሲቀባ እሱ ጣሪያው ሲነቀል ይታየዋል። የእኛው ክቡር የስጋት ሹም ጡረተኛው መምህር ጋሼ ለታ ናቸው።

እኔ ኢፍቱ የአሰላ ልጅ ነኝ፤ አርክቴክት። የመምህራን የቤት ማህበር አባላት ከአሰላ ቁልቁል፣ ዴራ አጠገብ ባለ ደረቅ ተዳፋት ላይ እርከን እርከን የሚወርዱ ሠላሳ ሁለት ቤቶች ንደፊልን ሲሉኝ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ቦታው ግራርና ድንጋይ ብቻ ነው። የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው በረንዳ እንዲሆን፣ ግድግዳው ሙቀቱን እንዲመክት፣ ሁሉን አሰብኩ። ፕላኑን ስዘረጋ ተጨበጨበልኝ።

ጋሼ ለታ ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ጠየቁ። "ጎርፉስ በየት ይለፍ?"

"ጋሼ፣ ዝናቡ መቼ መጣና ነው ጎርፉ የሚመጣው?" አለ ሰብሳቢው እንደሻው። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘሁም። ስለ መስኮት ስናወራ "ጎርፉስ?"፣ ስለ ቀለም ስናወራ "ጎርፉስ?" የእንደሻው ልጅ ሰርግ ላይ እንኳ ሳህን ይዤ ስሰለፍ ከኋላዬ መጡ። "ልጄ፣ ጥብሱን ጨምሪ። ግን ጎርፉስ?"

አንድ ቀን እጄን ይዘው ተዳፋቱ መሃል አቆሙኝ። ከአናታችን በላይ ደመና የሚባል የለም። በከዘራቸው ወደ አሰላ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ጠቆሙ፤ ጠቁሯል።

"እናንተ አሰላዎች ዝናብ ማለት አናት ላይ የሚወርደው ብቻ ይመስላችኋል። እኛ የምንፈራው እናንተ ላይ የዘነበውን ነው።"

ከዚያ በከዘራው አሸዋውን ጫር ጫር አደረጉት። ከሥሩ ውሃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ጠጠር ወጣ። ክው አልኩ። ሠላሳ ሁለት ቤተሰብ የጎርፍ መንገድ ላይ ላስተኛ ነበር።

ፕላኑን ቀየርኩ። ቤቶቹን አጠጋግቼ መሃሉን ከላይ እስከ ታች ለጎርፉ ክፍት ተውኩት። አንድ ቤት ጎደለ። ቤቶቹ በዕጣ ተደልድለው ነበርና ማን ይቅር? ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

"የእኔን ሰርዙት" አሉ ጋሼ ለታ። "እኔ እንደሆን ብገባበትም አልተኛበትም።"

ዛሬ ሠላሳ አንዱም ቤት ሰው ገብቶበታል። ጋሼ ለታ ግን አሁንም ዴራ ኪራይ ቤት ናቸው። የአሰላ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ይደውሉልኛል። "አካም፣ ልጄ? ዘነበ እንዴ?" ጸሎት ቤት፣ ስብሰባ ላይ፣ ጥርሴን ስነቀል ሳይቀር። ያሰለቻሉ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሰላ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። ስልኬ ዝም አለ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ዝም። ራሴ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ከድምፃቸው በፊት የውሃ ጩኸት ሰማሁ፤ ተዳፋቱ ላይ ወጥተው ቆመዋል ማለት ነው።

"ጋሼ! ጎርፉስ?"

"በእኔ ቤት በኩል እያለፈ ነው፣ ልጄ" አሉ። "ሌላ ማንንም አልነካም።"

እንባዬ መጣ። አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ከጎርፉ ዳር ራቅ ብለው ይቁሙ!"