የጨዋዎች አጨዳ

ጥሩ ሰዎች ተሰብስበው ጥሩ ነገር ሊሠሩ ሲነሡ እኔ እፈራለሁ። ክፉዎች ሲሰበሰቡ ቢያንስ የሚፈልጉት ይታወቃል፤ ሰዓት ያከብራሉ፣ ነገር አያንዛዙም፣ የመጡበትን ይዘው ይበተናሉ። ጥሩ ሰዎች ግን አንዱ የሌላውን ፊት እያየ፣ ይህ ይከፋው ይሆን፣ ያኛው ያዝንብኝ ይሆን ሲሉ ቀኑ ይመሻል። ከእናንተ መካከል ጥሩ ሰው ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ። እኔ ከጆንያ ተሸካሚነት ተነሥቼ ወፍጮ ቤት እስክከፍት ድረስ ያልቆጠርኩት ነገር የለም፤ ጥሩ ሰዎች ያባከኑትን ጊዜ ግን ቆጥሬ ጨርሼ አላውቅም።

ከኢተያ መንገዱን ይዛችሁ ወደ እኛ ወደ አሰላ ስትወጡ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው። ከከተማው በላይ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ጥግ ስትጠጉ ደግሞ ገብስ ይጀምራል። ገብሱ ግን የቢራ ነው። የቢራው ኩባንያ ዘሩን ይሰጣል፣ ማዳበሪያውን ይሰጣል፣ መድኃኒቱን ይሰጣል፣ በመጨረሻ መጥቶ ምርቱን ይወስዳል። አልዋሽም፣ ብዙ ጎጆ ቆርቆሮ አልብሷል። ችግሩ፣ አገሩ ሁሉ ለአንድ ገዢ ሲዘራ ለራሱ አፍ የሚዘራ ይጠፋል። ወፍጮ ቤቴ የሚመጣው የበሶና የገንፎ ገብስ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን በገብስ አገር ተወልደው በገብስ አገር ያረጁ እናት፣ ከሱቅ የገዙትን በላስቲክ የታሸገ በሶ ይዘው መጡና «ትንሽ ይሻክራል፣ ድገምልኝ» አሉኝ።

ያን ዕለት ነው ማኅበር የገባሁት።

ማኅበሩን ያቋቋሙት የከተማው ሠራተኞችና ነጋዴዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ መምህር ተስፋሁን ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ «እሴት» የምትለውን ቃል ሳይጠራ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው። ሐሳቡ ግን ቀና ነው፦ እኛ አስቀድመን እናዋጣለን፣ ገበሬው የአገሩን ገብስ ያለ መድኃኒት ይዘራል፣ ምርቱን እንካፈላለን፣ ለዘር የሚሆነውን እዚያው ገበሬው ዘንድ እናስቀራለን። እሺ ያለን ገበሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ኦቦ ከድር። የኩባንያውን ውል ትቶ ወደ እኛ ሲመጣ ጎረቤቶቹ «የመምህራን ገበሬ» ብለው ሳቁበት። በዚያ አካባቢ የዚያ ገብስ ዘር ከእሱ ጎተራ በቀር የትም አልቀረም። ዘንድሮ ካልተሳካለት ወደ ኩባንያው ይመለሳል፣ ዘሩም በዚያው ያበቃል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

በስብሰባ ካጸደቅናቸው ደንቦች አንዱ «ኮምባይነር ማሳችን አይገባም» ይላል። ምክንያት አለው። ኮምባይነር ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሄድ ሆዱ ውስጥ የቀረውን እህል ይዞ ይሄዳል፤ የቢራ ገብስ አጭዶ እኛ ማሳ ከገባ ዘራችንን ያደባልቃል። ስለዚህ በደቦ እናጭዳለን ተባለ። በወንበር ላይ ተቀምጦ ማጨድ እንዴት ቀላል ነው መሰላችሁ! ሁሉም አጨበጨበ።

በኅዳር አንድ እሑድ ወጣን። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሷ ሲስተር ሊዲያ ከነጓደኞቿ። ማጭድ የያዘው ብዙ ነው፤ ማጨድ የሚያውቀው ግን ማሳው ላይ ስንደርስ ታወቀ። እኔ ልማዴ ነውና ዳር ቆሜ ሥራውን ለካሁ። ኦቦ ከድር እንደ ደንቡ ለደቦው በግ አርዷል፤ ባለቤቱ አዴ ዘምዘም ጩኮውን፣ ያን የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ በቅቤ አርሳ በትልቅ ሳሕን ደርድራለች። እስከ ረፋድ የታጨደውን ከቀረበው ምግብ ጋር ሳስተያየው፣ በጉ በከንቱ የሞተ መሰለኝ።

ከዚያ ደመናው መጣ። የኅዳር ዝናብ የበሰለ ገብስ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ያጋድመዋል፣ ያጠቁረዋል፣ ሳይታጨድ ያበቅለዋል። ጭላሎ ራሱን ተከናንቧል፣ ነፋሱ ቀዝቅዟል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ፣ እግዜር ሲያሾፍ፣ አንድ ኮምባይነር የጎረቤቱን የቢራ ገብስ አጭዶ ሊጨርስ ነው። መንገዱ ከራሰ ስለማይወጣ፣ እንደጨረሰ ወደ ታች ይወርዳል።

መፍትሔው አፍንጫችን ሥር ነበር። በእጅ የታጨደው ለዘር ይቀመጥ፤ የቀረው የሚበላ ነውና ቢደባለቅ ሆድ አይጠይቅም፤ ማሽኑ ይጠራ። አለቀ። ይህን ለመምህር ተስፋሁን በጆሮው ነገርኩት። መዳፉ በማጭዱ እጀታ ተልጦ በመሐረብ ጠቅልሎታል።

«ጋሼ ወርቁ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔም ከጠዋት ጀምሮ እሱኑ ነው የማስበው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ሰውዬው በግ አርዶ ጠርቶን፣ ደከመን ማሽን ጥራ እንዴት ይባላል? ደግሞ እሱ ስንት አምኖበት ነው። ቅስሙን መስበር ነው።»

ወደ ኦቦ ከድር ሄድኩ። ሰማዩን እያየ ጢሙን ይነጫል።

«ኮምባይነሩን ለምን አትጠራውም?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ልቤ እዚያ ማዶ ነው ያለው» አለ። «ግን እነዚህ ልጆች በዕረፍት ቀናቸው እጃቸው እስኪደማ መጡልኝ። ደቦ የገባበት ማሳ ላይ ማሽን ጠርቼ፣ ሥራችሁ አልረባኝም ልበላቸው? በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ደግሞ ደንቡ የእነሱ ነው፤ ይወዱታል።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዱ ለሌላው ሲል፣ ሌላው ለአንዱ ሲል፣ ገብሱ መሐል ቆሞ ዝናብ ይጠብቃል። ተመልሼ ለመምህሩ «ከድርም ይፈልጋል» ብለው፣ «እሱማ ለእኛ ብሎ ነው» አለኝ። ለከድር «እነሱም ይፈልጋሉ» ብለው፣ «ጨዋ ስለሆኑ ነው» አለኝ። እንዲያውም እልህ ተጋቡ፤ መምህሩ ከድር እንዳያዝን ብሎ እጁ እየደማ ፍጥነት ጨመረ፣ ከድርም መምህሩ እንዳያፍር ብሎ «በርቱ! ልትጨርሱት ነው!» እያለ ያቅራራል። ሊጨርሱት! ከማሳው ጥግ እንኳ አልወጡም። ይባስ ብላ አዴ ዘምዘም ምግብ ደርሷል ብላ ተጣራች። ሁሉም ማጭዱን ጥሎ ገባ፤ አልገባም ማለት እሷን ማስቀየም ነዋ።

እኔ አልገባሁም። አጥሩን ዞሬ ኮምባይነሩ ጋ ሄድኩ። ኦፕሬተሩ የአቦምሳ ሰው ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ከላይ ወደ ታች አየኝ።

«አባት፣ ማሳው የማን ነው?»

«የማኅበር።»

«ማኅበሩ የታለ?»

«እየበላ ነው።»

«ሳይፈቅዱ ገብቼ ነገ ጠብ ቢመጣስ?»

«ጠቡ የእኔ ነው፤ አንተ እጨድ። ነዶ ወዳለበት ጥግ ግን አትድረስ፤ እሱ ዘር ነው።»

ሳቀና መሪውን አዞረ።

ማሽኑ ማሳውን ሲረግጥ ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ ወጣ። ማንም አላስቆመውም። ልብ በሉልኝ፣ ማንም! ሁሉም በረንዳው ላይ ተደርድሮ በታላቅ ኀዘን ያየዋል፤ ኦፕሬተሩ ትንሽ ሲዘገይ ግን ሁሉም ሰማዩን ያያል። ሲስተር ሊዲያ ብቻ ነዶውን እየተሸከመች ወደ ቤት ማስገባት ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የመጨረሻው ጆንያ ጣራ ሥር ሲገባ ዝናቡ ወረደ። ያ ዝናብ ገብሱን ቆሞ ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ይህን ስጽፍላችሁ ኦቦ ከድር የኩባንያውን ዘር ሊቀበል ተሰልፎ ነበር።

ታዲያ ምስጋና ጠበቅሁ? አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

«ጋሼ ወርቁ፣ እንግዶቼን አዋረዱብኝ!» አለ ኦቦ ከድር፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ።

«የኦቦ ከድርን እምነት ነው የጣሱት፤ እሴታችንን ነው!» አለ መምህሩ፣ እሱም ሁሉም እንዲሰማ።

ኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ከድር በጓሮ በኩል ጠርቶኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አላህ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ልጆቼን አበሉልኝ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወደ ከተማ ስንወርድ ደግሞ መምህሩ መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «ባይኖሩልን ምን ይውጠን ነበር?» ብሎ በተላጠ እጁ ትከሻዬን ጨበጠኝ። ሁለቱም ለሌላው እንዳልናገር አደራ አሉኝ።

በቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ እኔ ነበርኩ። ገብሱ ተከፋፍሏል፣ ዘሩ ለብቻው ጎተራ ገብቷል፤ ከኦቦ ከድር ጎረቤቶችም ሲስቁበት የነበሩት ሳይቀሩ ከዘሩ ይሰጣቸው እንደሆነ አስጠይቀዋል። ይህ ሁሉ በአጭሩ በጭብጨባ ታለፈ። ከዚያ መምህር ተስፋሁን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደንብ ተላልፈው ማሽን ያስገቡት አባል የቃል ተግሣጽ እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀረበ። ሲናገር እኔን አያይም፤ ከድርን ነው የሚያየው። ከድርም መምህሩን እያየ «ደንብ ደንብ ነው» አለ።

የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። መምህሩ ለከድር ሲል አወጣ። ከድር ለመምህሩ ሲል አወጣ። ሲስተር ሊዲያ ወደ መሬት እያየች አወጣች፤ ሌላውም ተከተለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይመለከት ጀመር። እንግዲህ በዚህ ሽበት፣ ያን ሁሉ ጨዋ ሰው ብቻዬን ተቃውሜ ላሳፍር?

እጄን አወጣሁ። ተግሣጹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።