ጊታሮቹ ለልጄ ሽማግሌ ላኩ

ሌሊቱን በሕልሜ ልጄ ጊታር አልያዘም፤ ጊታር ነበር ልጄን የያዘው።

ደሴ ፒያሳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቱ አጭር የሆነ ቀይ ጊታር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሱራፌልን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይመታው ነበር። በአንድ እጁ የልጄን አንገት ይዞ በሌላው ጎድን ጎድኑን ይነካካል። ልጄም አፉን ከፍቶ ደስ የሚል ድምፅ ያወጣል። ጊታሩ አልፎ አልፎ ቆም እያለ የልጄን ጆሮ ጠምዘዝ ያደርጋል።

«ይቺኛዋ ጎድን ላልታለች» አለ ለራሱ። «ግን ልተዋት። ወፍራም ድምፅ ያላት የላላችው ናት።»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ሱራፌል ራሱ ነው ሁልጊዜ እንዲህ የሚለኝ።

ልጄ ሠላሳን ካለፈ ቆይቷል። ሠርግ ቤት ይጫወታል፣ ሆቴል ይጫወታል። ሌላው የሙዚቃ ሰው ረጅሙንና የሚያብረቀርቀውን የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመኝ የእኔ ልጅ የሚወደው ድንኩን ነው። አንገታቸው ያጠረ፣ መልካቸው ግራ የሚያጋባ ጊታሮች። አንዷ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ቀለም አላት፤ ሆዷ ላይ ምን እንደሚሠሩ እሱም በቅጡ የማያውቃቸው ብዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረዋል። ድምፅ ማጉያዋ ደግሞ የምሳ ዕቃ ታክላለች፤ አንዳንዴ ሳይነኳት ሬዲዮ ጠልፋ ዜና ታወራለች። አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ የማላውቀው ወንድ ያለ መስሎኝ ዱላ ይዤ ገብቻለሁ።

ቀዩን ጊታር ያመጣ ዕለት «ወይኔ ልጄን! አንገቱን ቆርጠው ሸጡለት!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እማዬ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው። አንገቱ ሲያጥር ክሩ ይላላል፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ይወፍራል። ጣቴ ሥር እንደ ሊጥ እሺ ይለኛል» አለኝ። ሲናገር ዓይኑ ይበራል። እኔ ግን ዓይኑን አላየሁም፤ ያየሁት የጎረቤቱን መስኮት ነው። ጢም ያለው ሙሉ ሰው የሕፃን መጫወቻ የሚያክል ነገር አቅፎ ደጃፍ ላይ ቁጭ ሲል ሰው ምን ይላል እያልኩ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ላክንለት። ልጅቷ ረድኤት ትባላለች። ጊታሩን ታውቃለች፤ የወደደችውም ሲጫወት አይታ ነው። አባቷ ጋሽ ይርዳው ግን ጥብቅ ሰው ናቸው ይባላል። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ አሰግድ ከቤቴ ሊወጡ ሲሉ «ሥራው ምንድን ነው ብንባል ምን እንበል?» አሉኝ። ሱራፌል ጓዳ ነበር። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ቢሮ ነው የሚሠራው በሏቸው።»

«የትኛው ቢሮ?»

«ትልቁ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ አልሆነም። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ጋሽ ይርዳው ይህን ሲደርሱበት፣ ልጄም በሰው ፊት አንገቱን ሲደፋ ይታየኛል። ይኸው ትናንት ደግሞ ይህ ሕልም መጣ።

ልጄን ከጊታሩ እጅ ላስጥል ሮጥኩ። ሰው ግን ከቁም ነገርም አልቆጠረው። አንዲት ሴት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽን ጥሩ ጊታር ነው ያነሣው። የእኔን ልጅ እኮ የሚያነሣው አጥቶ ዝጓል።»

ቤት ገብቼ ላስብበት ብዬ ባጃጅ ፈለግሁ። ሦስት ተሳፋሪዎች ባጃጇን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጡ ነበር። ባጃጇ ላያቸው ላይ ሆና «ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ትይዛለች!» ትላለች። እኔም በአራተኛው ጫፍ ገባሁ።

«እማማ፣ ቀና አድርገው ይያዙኝ እንጂ፤ ያዘነብሉብኛል» አለችኝ።

ይቅርታ ጠይቄ ቀና አደረግኋት።

ቤቴ ስደርስ በሬ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። መሪያቸው ያው ቀዩ ጊታር ነው፤ ልጄን በማንገቻ ጀርባው ላይ አንጠልጥሎታል። ሁለተኛዋ የምሳ ዕቃ የምታክለው ድምፅ ማጉያ ናት። ሦስተኛው አንድ ረጅም የሚያብረቀርቅ ጊታር ነው፤ እሱ ከሁሉም ኋላ ተሸማቅቆ ቆሟል። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ማለት አንገቱ ያጠረ ነው። ረጅም የሆነ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል።

«ቤቶች!» አለ ቀዩ።

«ግቡ፣ ግቡ። ግድግዳ ተደገፉ» አልኩ፤ ጊታር ተቀመጥ አይባልም።

«አንደገፍም። የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንደገፍም።»

«ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው። እትዬ ውድነሽ፣ ልጅሽን ለልጃችን ለመለመን መጥተናል።»

ድምፅ ማጉያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ልጃችሁ የትኛዋ ናት?» አልኩ።

«አረንጓዴዋ።»

«ያቺ የጤና ጣቢያ ቀለም ያላት?»

«ምነው? ነውር አለባት?»

«ኧረ የለባትም! ወጉ ነውና ዘሯን ቁጠሩልኝ ብዬ ነው።»

ቀዩ ጊታር ደረቱን ነፋ። «አባቷ የቁም ሣጥን በር ነው። ስመ ጥር በር! አያቷ ጽድ፣ ቅድመ አያቷም ጽድ። በእናቷ በኩል ከሬዲዮ ትወለዳለች።»

«ለዚህ ነው ሳይነኳት ድምፅ ማጉያዋን ዜና የምታስወራት» አለ ረጅሙ ከኋላ።

«ዝም በል አንተ! ትልልቆች ሲነጋገሩ ረጅም አይገባም!»

ረጅሙ ይብሱን ጎበጠ። አሳዘነኝ።

«እንግዲህ የእኛን ሰምተሻል» አለ ቀዩ። «አሁን የአንቺን እንስማ። የልጅሽ ሥራ ምንድን ነው?»

ሱራፌል ከጊታሩ ጀርባ ላይ ተዘቅዝቆ ያየኛል። እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር፤ ምላሴ ግን የለመደችውን አለች።

«ቢሮ ነው የሚሠራው።»

የድምፅ ማጉያዋ ቀይ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ቢሮ?»

«ትልቁ» አልኩ፤ ያሻሻልኩ መስሎኝ።

«ውይ! ውይ! ውይ!» አለች ድምፅ ማጉያዋ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ተቀባበሉት። «ቢሮ ነው አሉ! ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው አሉ የሚውለው!» «ክራቫትም ያስራል ይባላል!» «ምነው፣ እንዲህ ያለች ጨዋ ሴት? ምን በድላ ነው?» አንዷ ልጆቿን ዓይናቸውን ሸፍና ይዛቸው ሄደች።

ቀዩ ጊታር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ድምፁ የርኅራኄ ነበር።

«አይዞሽ እትዬ ውድነሽ። በስንቱ ቤት አለ መሰለሽ። ለአረንጓዴዋ አባት ጊታር ይመታል ብለን እንነግርልሻለን።»

«እሱ እኮ ጊታር ይመታል!» አልኩ።

«እንዲህ ነው። ጥሩ ይዘሽዋል።»

«እውነቴን ነው! ከልጅነቱ ጀምሮ ጊታር ነው የሚመታው!»

«ከልጅነቱ ጀምሮ የሚለው ጥሩ ነው። ግን ስትዪው አትንተባተቢ፤ ይነቃብናል።»

«እናቱ ነኝ፤ እኔ አላውቅም?»

«እሱንም ጨምሪበት» አለና ጠቀሰኝ።

ልምልለት እጄን ሳነሣ የቀበሌው ደወል ተደወለ። እኛ ትልልቆቹ ከሰዓት በኋላ ፊደል የምንማርበት አዳራሽ ደወል ነው። ደወል ሲሰማ መቅረት የለምና ሁላችንም ተያይዘን ገባን።

አዳራሹ ውስጥ ፊደሎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኔ ሰሌዳው ላይ ነኝ። ወርጄ ቦታዬን ልያዝ ብል እግሬ በጠመኔ ተጣብቋል። መምህርታችን ሐያት በማመልከቻ ዘንጓ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

«ዛሬ ውድነሽን እናነባለን። ማን ይጀምራል?»

«እኔ! እኔ!» አለች ጰ። ሥራ እምብዛም ስለማይሰጣት ቸኩላለች። ብድግ ብላ ዓይኗን አጥብባ አነበበችኝ። «ይህች — እናት — ልጇን — ትወዳለች።»

«ጎበዝ፤ ይጨበጨብላት። ቀጥሎስ?»

ሸ ተነሣ። «ይህች እናት በልጇ — ታ — ታፍ —»

«አትቸኩል። አንድ በአንድ።»

«ታ — ፍ — ራ — ለ — ች።»

«እንደገና። ሁላችሁም።»

«ታፍራለች!» አሉ ፊደሎቹ በአንድ ድምፅ። እኛ በምንጮኸው አጯጯህ ነው የጮኹት፤ መጨረሻው ላይ ሳብ ያደርጉታል። ግድግዳው መለሰው። ሐያት «ከመንገድ ያለው ሰው እስኪሰማ» አለች፤ ሁልጊዜም እንዲህ ትላለች።

ሱራፌል ከኋላ፣ ጊታሩ ጀርባ ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯቸው ያነብ ነበር። ቤት ውስጥ የሚያስጠናኝ እሱ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሀሁ ስቆጥር አንድ ቀን አላፈረብኝም። እንዲያውም ላገኘው ሰው ሁሉ «እናቴ ትምህርት ጀመረች» እያለ ያወራል፤ እኔ ነኝ ዝም በል የምለው። አሁን ደግሞ የእኔን ቃል እየለየ፣ ሳይሳሳት አነበበው።

የተጻፈብኝን ልሰርዝ ዳስተሩን አነሣሁ። ደጋግሜ ፈትጌ ዝቅ ብዬ ባየው የጠፋው «ትወዳለች» ነው። «ታፍራለች» ቀረ። ቦታ ሲያገኝ ጊዜ እጁን እግሩን ዘርግቶ ሰሌዳውን ሞላው።

«መምህርት፣ ያጠፋሁት እሱን አልነበረም! መልሱልኝ!»

«የጠፋውን ራስሽ ጻፊው» አለችኝ ሐያት።

ጠመኔ ያዝኩ። «ት» ጻፍኩ። «ወ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠፋኝ። እኔ! ስንት ጊዜ የጻፍኩት ወ! ወደ አግዳሚው ዞሬ ራሱን «ወ»ን ብፈልገው አንገቱን አዙሮ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ቀዩ ጊታር ብድግ አለ። «እትዬ ውድነሽ፣ ቁርጡን ንገሪን። ልጁን ትሰጪናለሽ ወይስ አትሰጪንም?»

«ልጄ ራሱ ይናገር» አልኩ።

ጊታሩ ልጄን ከጀርባው አውርዶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ጎድኑን ነካው። ድምፅ የለም። ጆሮውን ጠመዘዘ። ዝም። ጠበቅ አድርጎ መታው። የልጄ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማ ነገር የለም።

«አልተሰካም እኮ» አለች ድምፅ ማጉያዋ።

«ታዲያ የት ነው የሚሰካው?»

«እናቱ ላይ ነዋ! ሌላ የት ሊሰካ ነው?»

ጥቁር ገመድ እየጎተተች መጣችና ጫፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። የገመዱ ሌላ ጫፍ ልጄ ወገብ ላይ ነው። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ጎረቤቱ፣ ፊደሎቹ፣ ረጅሙ ጊታር። ልጄም አየኝ። አሁን እናገራለሁ አልኩ። ልጄ ጊታር ይመታል፤ ትንንሾቹን ይወዳል፤ የእኔ ልጅ ነው፤ ይህን ብቻ። ገመዱን ጨብጬ ባለኝ ኃይል አፌን ከፈትኩ።

«እንደምን ዋላችሁ» የሚል ወፍራም የወንድ ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። «ዜና እናሰማለን። ትልቁ ቢሮ ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይውላል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አፌን በሁለት እጄ ብይዘው ዜናው በጣቶቼ መካከል ወጣ። የአየሩን ሁኔታም ጨመረ። ሱራፌል ከጊታሩ ጭን ላይ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እማዬ» አለኝ። «እማዬ። እማዬ!»

ነቃሁ። ነግቷል። ሱራፌል አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶታል።

«ጋሽ ይርዳው ደወሉልኝ» አለኝ።

ቀና ብዬ ቁጭ አልኩ።

«በሽማግሌዎቹ ነገር ደስ ብሏቸዋል። ዛሬ ለጉዳይ ወደ ፒያሳ ይወጣሉ፤ በዚያው ቢሮህ ጎራ ብዬ ሰላም ልበልህ አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«እሺ አልኳቸዋ። ምን ልበል? እናቴ ዋሽታለች ልበል?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ አጠባበቀ። ትንሽ ልጅ ሳለ ካልሲው የት እንዳለ እንደሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ረጋ ብሎ፣ መልስ እንዳለኝ አምኖ ጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ቢሮዬ የት ነው?»