የወይዘሮ ዊልማ ሕሙማን

ቤተ መጻሕፍት ባለበት ከተማ ሁሉ መናፍስትን የሚያክም አንድ ሰው አይጠፋም። አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ ያለችው የእኛ ትንሽ ከተማ ይህን ሹመት የሰጠችው ለክብርት ወይዘሮ ዊልማ ታትል ነው። ክብርነታቸው ሐኪም አይደሉም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አማካሪ ነበሩ። የሚመክሩት ተማሪ ሲያጡ ፊታቸውን ወደ ሙታን አዞሩ።

በረዶው ሲጀምር እኛ ሽማግሌዎች ሐሙስ ሐሙስ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ተሰብስበን ጎቲክ የሚሏቸውን የጥንት አስፈሪ አጫጭር ታሪኮች እናነባለን። ሌላው ሰው የሚመጣው ሊፈራ ነው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሊመረምሩ ይመጣሉ። ወንድሙን ጓዳ ቆልፎበት በረሃብ የገደለውን ባላባት አንብበን ስንጨርስ፣ "ነገሩ ከእናቱ ነው" አሉ። በየመስኮቱ የምታለቅሰዋም ሙት ሙሽራ ነገሯ ከእናቷ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን ደግሞ የሚያቃስት አሮጌ ቤት ገጠመን።

"ይሄ ቤት ድብርት አለበት" አሉ።

ጡረተኛው ፖስተኛ ድዌይን አላስቻለውም። "ዊልማ፣ ቤት እኮ እናት የለውም።"

"አናጺውስ? አናጺውም እናት የለውም?"

በሕይወት ያለነውንም አይምሩንም። ስብከት የሚያረዝመው ቄስ በልጅነቱ ሰሚ ያጣ ነው። የድዌይን ውሻ ሳይቀር ምርመራ ወጥቶለታል። ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት ናቸው።

እኔ ከሳቸው መሸሽ የጀመርኩት ባለፈው መኸር ባለቤቴ ሉሲል ከሞተች በኋላ ነው። እንደ አገራችን ልማድ ጎረቤቱ ሁሉ ሥሩ ላይ ስሙ የተለጠፈበት ሳህን ሙሉ ምግብ አመጣልኝ። ወይዘሮ ዊልማ ሳህናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ቆሙ። እኛ ዘንድ የበረዶ ጫማ የሚወልቀው መግቢያው ላይ፣ የጎማ ትሪ ላይ ነው። የሉሲል ጫማ አሁንም እዚያው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እየጠረግሁ አፍንጫውን ወደ ማሞቂያው አዞረዋለሁ። ጫማውን አዩ፤ እኔን አዩ። ሳህናቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቦስተን ያለችው ልጄ ጆአን ቤቱን ሸጬ የአረጋውያን መኖሪያ እንድገባ ትወተውተኛለች፤ ወይዘሮ ዊልማን ደግሞ ከተማሪነቷ ጀምሮ እንደ ወንጌል ታምናቸዋለች። "አባትሽ ብቻውን መኖር አይችልም" ቢሏት አበቃ። ሉሲል ከኖረችበት ቤት መውጣት ለእኔ እሷን ሁለተኛ መቅበር ነው።

ጥር ላይ የደረሰን ታሪክ ደግሞ እኔኑ የሚፈልግ ይመስል ነበር። አንድ ባል የሟች ሚስቱን ጫማ ማታ ማታ እሳት ዳር ያሞቃል።

"ይሄስ ለይቶለታል" አለ ድዌይን። ሳቁ። ከዚያ እንደ ወትሮው ሁሉም ወደ ወይዘሮ ዊልማ ዞረ። እኔ እጄን አየሁ።

"ምንም አልሆነም" አሉ።

"እንዴ፣ እናቱስ?" አለ ድዌይን።

"እናቱን ተዋት። ብርድ ነው፤ እግሯ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ነው።"

"ሞታለች እኮ ዊልማ።"

"እሱም ያውቃል። አንብብ፣ ቀጥል።"

በዚያው ሳምንት ጆአን ደወለች። "ወይዘሮ ዊልማን ስላንተ ጠይቄያቸው ነበር" አለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ደህና ነው፣ ቤቱ ይሻለዋል አሉኝ።"

እሑድ ወይዘሮ ዊልማ ሾርባ ይዘው መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ከሉሲል ጫማ ጎን አስቀመጡ። ማዕድ ላይ ባዶ ጠርሙስ ማጠራቀሜን አይተው፣ "ኦሪን፣ ይሄ እንኳ ከእናትህ ነው" አሉኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት፣ የፈለጉትን ስም ያውጡለት።

ሲወጡ በር ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከሳቸው ጫማ የቀለጠው በረዶ የሉሲልን አርሶት ነበር። በአንገት ልብሳቸው ጠረጉትና አፍንጫውን ወደ ማሞቂያው አዞሩት።